የደሴ መንገድና የአባቴ አካፋ

እናቴ ቤት፣ ደብረ ሲና፣ ከበሩ ጀርባ አንድ አካፋ ቆሟል። የብረቱ ግማሽ የለም። ድንጋይና ጠጠር በልቶት ጫፉ ጎድጉዷል። እጀታውን አባቴ ሦስት ጊዜ ቀይሮታል። የመጨረሻው የወይራ እንጨት ነው፤ መዳፉ ያርፍበት የነበረው ቦታ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሞላው። እናቴ ልብሱን ለዘመድ አካፈለች፣ ጫማውን ለሠፈር ሰው ሰጠች። አካፋውን ግን ለማንም አልሰጠችም።

አባቴ የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ነበር። በቀን ሠራተኛነት ገብቶ ካቦ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት የእሱ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጓደኞቼ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «መንገድ ይጠብቃል» እላቸው ነበር። ይስቁብኝ ነበር። መንገድ እንደ ከብት ይጠበቃል እንዴ?

ይጠበቃል። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ኅዳር ወደ ደሴ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ በመስኮት ወደ ገደሉ እያየ «ጣሊያን ባይመጣ ኖሮ እኮ ይሄ መንገድ አይኖርም ነበር፣ እናቴ» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ሁሉም ሰው የሚለውን ነው ያለው። የማውቀውን ያህል ልነግረው ሞከርኩ። ወሬያችን ሳያልቅ ከሚሴ ላይ ወረደ። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ካርታ ላይ ይህ መንገድ ቁጥር አለው። ሰው ግን በቁጥር ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። የደሴ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በወልዲያ፣ በአላማጣ፣ በማይጨው አድርጎ መቀሌና አዲግራት ይዘልቃል። እኔ የምናገረው ስለማውቀው ክፍል ነው፣ እስከ ደሴ ስላለው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ከላምበረት መናኸሪያ ይነሳሉ። ኮተቤ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ። ሜዳ ነው፣ ሰው ገና ከእንቅልፉ አልነቃም። ሸኖ ላይ ቢያንስ አንድ ተሳፋሪ ስለ ቅቤ ያነሳል። የሸኖ ለጋ ቅቤ ስሙ ከከተማው ቀድሞ አዲስ አበባ የገባ ነገር ነው። ጫጫን አልፎ በ130ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ቁርስ እዚህ ነው፤ ትኩስ ሻይ ሁለት እጅ አስይዞ ያስጠጣል።

ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ጉዶ በረት ስትደርሱ የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ማሳ፣ ብርድ ልብስ የተከናነቡ እረኞች ታያላችሁ። ደረታቸው ቀይ የሆነ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ። ቀስ እያለ ከፍታው 3,000 ሜትርን ያልፋል። ከዚያ ጭጋጉ ይመጣል።

የጣርማ በርን ጭጋግ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከምሥራቅ፣ ከቆላው፣ እንደ ጭስ ይወጣና ጫፉን ተሻግሮ መንገዱ ላይ ይተኛል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ ይነዳል። ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት ሁለት ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ሌላ ምንም የለም። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ወሬ ይጠፋል። አንዳንዱ ያማትባል። ድንገት የዋሻው አፍ ይመጣል። 587 ሜትር ነው። ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ የሞተሩ ድምፅ ተመልሶ ጆሮ ላይ ያስተጋባል። በወዲያኛው በኩል ስትወጡ ሀገር ይገለበጣል። መሬቱ ከእግር ስር ይሸሻል፣ ታች ደብረ ሲና፣ ከዚያ በታች ደግሞ ቆላው ጭስ ለብሶ ይታያል።

አባቴ እዚህ ጋ አቁሞኝ ያሳየኝን አልረሳውም። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። «ወደዚህ የወረደው ዝናብ» አለኝ በእጁ ወደ ምዕራብ እያሳየ፣ «ጀማን ይዞ ዓባይ ይገባል፣ ግብፅ ይሄዳል። ወደዚያ የወረደው ደግሞ አዋሽ ይገባል፣ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል።» ከዚያ መንገዱ ላይ ወዳለው ቦይ አየ። «በመሐል የወረደው የእኔ ነው።»

እንግዲህ ወደ ልጁ ወሬ ልመለስ።

ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ጣርማ በር። በር ማለት እንግዲህ መግቢያ መውጫ ነው። ሸዋና ወሎ በዚህ በር ሲገናኙ የኖሩት ዋሻ ሳይኖር ነው። ሲራራ ነጋዴው በቅሎና አህያ እየነዳ ጨው፣ ጥጥ፣ በርበሬ ያወጣበታል፣ ያወርድበታል። መኪናም ቢሆን ከጣሊያን በፊት ደርሶበታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ጦር ግንባር ሲሄዱ ደሴ የደረሱት በመኪና ነው። አስፋልት አልነበረም፣ ጠመዝማዛው በዋሻ ሳይሆን ከላይ በጫፉ ላይ ይሻገር ነበር፣ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆን ነበር። ግን መንገድ ነበር።

ደግሞስ የወራሪው ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባው በምን ላይ ሄዶ ነው? በዚሁ መንገድ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከ1,700 በላይ መኪና ይዞ ከደሴ ተነሳ። ጣሊያኖች «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ሰየሙት። ጣርማ በርን እንዲይዙ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች፣ ገና ለጋ ወጣቶች፣ ተልከው ነበር። የጣሊያን ሰልፍ ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ያ ሁሉ መኪና ቆመ። ወታደሩ ጠመንጃውን አስቀምጦ ዶማና አካፋ ይዞ መንገድ ሲሠራ ሰነበተ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። መንገድ ከሌለ ምኑን ያፈርሱታል? የፈረሰው የእኛ መንገድ ነበር። ያፈረሱትም የእኛ ልጆች ናቸው፣ ጠላት እንዳያልፍበት።

ዋሻው የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በወረራው ዓመታት ነው። ጣሊያን ሀገሩን መያዝ ከፈለገ ጦሩንና ስንቁን ክረምት ከበጋ ማመላለስ አለበት። ለዚያ ሲል ከአሥመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርስ መንገድ ሠራ፣ ተራራውንም ፈለፈለው። ሥራው ትልቅ ነው፣ አልክድም። የድጋፍ ግንቦቹን አባቴ እንኳ እየዳሰሰ ያደንቃቸው ነበር፤ «ድንጋዩን አናግረው ነው የጠረቡት» ይል ነበር። ግን የፈለፈለው ሙሶሎኒ አይደለም። ከጣሊያን ሀገር በሥራ አጥነት የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ የሀገሬው ሰው ነው። ድንጋይ ያወጡት፣ ጠጠር የፈጩት እነሱ ናቸው። ስማቸውን የያዘ አንድም ድንጋይ አላየሁም። ሰው ዋሻውን እስካሁን «የሙሶሎኒ ዋሻ» ይለዋል። አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። ጣርማ በር ነው የሚለው፣ በቃ።

ያኔም ቢሆን መንገዱ ለጣሊያን አልተመቸውም። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች በዙሪያው ባለው ተራራ ሁሉ ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚገፋው የደቡብ አፍሪካ ጦር ሆነ፣ የሚሸሸው ጣሊያን። ጣሊያንም በተራው እዚያው ተራራ ላይ መንገዱን አፈረሰው። እንደገና ዶማ፣ እንደገና አካፋ። ደሴ የተያዘችው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንዱ ተራራ ላይ አንዱ መንገድ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ተሠራ።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ጠላት መጣ፣ ዝናብ። የሚጠግነው ያጣ አስፋልት በጥቂት ክረምት ይበላል። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ጥገና ተበደረ። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ሀገር ብድር ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። አባቴ አካፋውን የተቀበለበት ቤት ይህ ነው። ስሙ በየዘመኑ ተቀያይሯል፣ የእኛ ሠፈር ሰው ግን ዛሬም «አውራ ጎዳና» ነው የሚለው።

አሁን የአባቴን ሥራ ልንገራችሁ።

ሐምሌና ነሐሴ ቤታችን ውስጥ እንቅልፍ የለም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲበረታ አባቴ ጋደም ብሎ ያዳምጣል። እኛ የምንሰማው ዝናብ ነው። እሱ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ድንገት ተነስቶ ቡትስ ጫማውን ይፈልጋል። እናቴ ኩራዙን ትለኩሳለች። «ምን ሰማህ?» ትለዋለች። «ድንጋይ ወረደ» ይላታል። ካፖርቱን ደርቦ፣ ባትሪውን ይዞ፣ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ልክ ነበር።

ናዳው ከወረደ መጀመሪያ የሚያደርገው ድንጋይ ማንሳት አይደለም። ወደ ላይም ወደ ታችም ሄዶ ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራል፣ እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። በጭጋግ የሚመጣ ከባድ መኪና ካላየ ገደል ነው። ከዚያ ሰዎቹን ይቀሰቅሳል። ዶዘር ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ በእጅ የሚነሳው ይነሳል፣ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ይከፈታል።

ግን ዋናው ሥራ ናዳ ማንሳት አልነበረም። ዋናው ቦይ ነው። «ውሃ የራሱን መንገድ ካጣ የእኛን ይወስዳል» ይል ነበር። በተራራው በኩል ያለው ቦይ በአፈር ከተሞላ፣ ወይም በአስፋልቱ ስር የሚያልፈው ቱቦ በቅጠልና በጭቃ ከተደፈነ፣ ውሃው ከመንገዱ ስር ይገባል። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል። አስፋልቱ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነው፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ። ሰው አያየውም። አባቴ ግን ያየዋል። ስንጥቁ ላይ ጭቃ ይለጥፍና እንዲደርቅ ይተወዋል። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ጭቃው እንዳለ ካለ ደህና ነው። ጭቃው ከተሰነጠቀ ተራራው እየሄደ ነው። በጣቱ ይለካና ለአለቆቹ ይናገራል። ማንበብ አይችልም ነበር። ያንን ስንጥቅ ግን ያነብ ነበር።

በበጋ ደግሞ ሬንጅ ነው። ጉድጓዱን በዲጂኖ አራት ማዕዘን አድርገው ይቆርጡታል፣ አቧራውን ጠርገው ጠጠር ይሞላሉ፣ በርሜል ላይ የቀለጠ ሬንጅ ያፈሱበታል። አባቴ ወደ ቤት ሲገባ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል። እስካሁን አዲስ አስፋልት ሲነጠፍ ሽታው ሲመጣብኝ ቆሜ እቀራለሁ።

ያኔ ይህ መንገድ የአሰብ መንገድም ነበር። በአዋሽና በገዋኔ አድርጎ ሚሌ የሚደርሰው የቆላ መንገድ ሳይከፈት፣ ከአሰብ ወደብ የተነሳ ጭነት በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ አዲስ አበባ ሊገባ ጣርማ በርን መውጣት ነበረበት። ኤንትሬ የምንላቸው ከባድ የጭነት መኪናዎች ተሳቢያቸውን እየጎተቱ በአንደኛ ማርሽ ሲወጡ ከሰው እርምጃ አይፈጥኑም። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ በእግሩ ይከተላል። መኪናው እምቢ ብሎ ወደ ኋላ ሊል ሲል ሮጦ ጎማው ስር ይወሽቃል። እነዚያ ሹፌሮች አባቴን ያውቁት ነበር። ቦይ ሲጠርግ ካዩት ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጉለታል። እሱ አካፋውን ከፍ ያደርጋል። እኛ ልጆች ከቤት ሆነን ክላክሱን እንቆጥር ነበር። ሁለት ክላክስ ከሰማን አባቴ ደህና ነው ማለት ነው።

በ1965 ድርቅ ጊዜ ከወሎ ገጠር የወጣ ሰው ወደዚህ አስፋልት ነው የመጣው። ለምን ቢሉ፣ የሚያልፍ ሰው ያየዋል። እህል ቢመጣም በዚህ ነው የሚመጣ። አባቴ ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወራም ነበር። በ1977 ግን እኔም ልጅ ሆኜ ደርሻለሁ። ወደ ወሎ እህል የጫነ መኪና እንዳይቆም ተብሎ የአውራ ጎዳና ካምፑ ሰው ሁሉ ክረምቱን መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ለሦስት ሳምንት ቤት አላደረም። እናቴ ስንቁን ቋጥራ እኔን ትልከኝ ነበር። አንድ ቀን ስደርስ ቱቦ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ አገኘሁት። ቆሎውን ከእጄ ተቀብሎ ቆሞ በላ፣ ተመልሶ ገባ።

ከደብረ ሲና በታች ያለውን መንገድ እወደዋለሁ፣ ግን እንደዚያኛው አላውቀውም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል፤ ሳይገዙ ማለፍ አይቻልም። አርማንያን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ጠዋት ካፖርት የለበሰ ሰው አሁን ሹራቡን አውልቆ ማንጎ ይገዛል። ጀውሃ፣ ሰንበቴ። ሰንበቴ ገበያዋ እሑድ ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ የሚገናኝባት። አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከዚያ የቦርከና ሜዳ፣ ከብት የሞላበት ጨፋ። ከሚሴ። ኮምቦልቻ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በባቲ ወደ ሚሌ ይወርዳል፣ አንዱ የሐረጎን ዳገት ተጠማዞ ደሴ ይወጣል።

የአሰብ በር በ1990 ተዘጋ። አባቴ ያኔ ጡረታ ላይ ነው። ሌላ ነገርም መጣ። በ2014 ጦርነቱ ይህንኑ መንገድ ይዞ ከደሴ ወደ ታች ወረደ፣ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ወጣች። ግማሹን በእግሯ። ዋሻውን በሌሊት በስልክ መብራት እንዳለፉት ነገረችኝ። ሰው፣ ከብት፣ ጋሪ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ሁሉም በአንድ አፍ ገብቶ በአንድ አፍ ይወጣል። «አባትሽ አላየውም፣ ተመስገን» አለችኝ። ስትመለስ ቤቱ ውስጥ ብዙ ነገር አልነበረም። አካፋው በሩ ጀርባ ነበር።

ባለፈው ኅዳር ከደሴ ስመለስ እናቴ ጋ አንድ ሌሊት አድሬ በማግስቱ ሚኒባስ ያዝኩ። ዳገቱን ጨርሰን ዋሻው አፍ ልንደርስ ስንል ጭጋጉ ጥቅጥቅ አለ። ከፊት የቆመ የጭነት መኪና ነበርና ሹፌሩ አቆመ። በመስኮት ሳይ አንድ ሰው ከቦዩ ውስጥ አየሁ። ብርቱካናማ ሰደሪያ ለብሷል፣ አካፋ ይዟል። ብቻውን ነው። ወረድኩ።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ» አልኩት። ከእኔ ብዙ አይበልጥም፣ ግን አፌ ላይ የመጣው ይሄ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጠፋብሽ እንዴ?»

«አይ፣ አባቴ እዚህ ይሠራ ነበር። ካቦ ነበር።» ስሙን ነገርኩት።

አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ትንሽ አሰበ። አያውቀውም። ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይቺን ቱቦ እነሱ ናቸው አሉ የገነቡት» አለና በአካፋው ጫፍ ወደ ታች አመለከተ። የድንጋይ ግንብ ነው፣ ውሃ እየተንኳለለ ይወጣል። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው።

የጭነት መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሹፌራችን ጠራኝ። ስገባ «ክላክስ አድርግለት፣ ሁለት ጊዜ» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። አደረገ። በኋላ መስታወት ሳይ ሰውየው አካፋውን ከፍ አድርጎ ነበር። ከዚያ ጭጋጉ ሸፈነው፣ እኛም ዋሻው ውስጥ ገባን።